መለኪያው ዝም ሲል፦ የጠፋ የውቅያኖስ ዳታ በማሽን ለርኒንግ እንዴት ይገመታል?

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ሌሊት ያደረውን መረብ አንስተው ሲገቡ ገበያው ይደራል፤ አባ ኮዳዎቹም ትርፍራፊ ፍለጋ ከዓሣ አራጆቹ እግር ስር አይጠፉም። ከግርግሩ ፈንጠር ብለው መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አላቸው፤ በየቀኑ ስንት ቆሮሶ፣ ስንት አምባዛ እንደያዙ ይጽፉበታል። አንድ ቀን ሳገላብጠው እዚህም እዚያም ባዶ መስመር አየሁ። ቀኑ ተጽፏል፣ ቁጥሩ የለም። ረስተውት መስሎኝ አለፍኩት። ያን ማለፌን አሁን ድረስ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

በዚያው ሰሞን፣ ጥር ላይ፣ ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ከዳር ራቅ ብለን አውራ ጣት የምታክል ሙቀት መዝጋቢ ሐይቁ ውስጥ አንጠልጥለን ነበር። ለመንሳፈፊያ ባዶ ቢጫ ጀሪካን፣ የናይለን ገመድ፣ ከስር ለመልህቅ ድንጋይ። በየሰዓቱ አንድ ቁጥር ትይዛለች። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 23.9 ዲግሪ ብላ መዝግባ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ባትሪዋ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። አስተካክለን ስንመልሳት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ 22.4 አለች። በመካከሉ 90 ባዶ መስመር።

ከተማሪዎቼ አንዷ ጀልባዋ ላይ እያለን ጠየቀችኝ፤ «እነዚህን 90 ቁጥሮች ማግኘት ይቻላል?»

ጥያቄዋ ከሐይቃችን በጣም ይሰፋል። የውቅያኖስ ተመራማሪዎች በየቀኑ የሚጋፈጡት እሱን ነው፤ መልሱም የእኛን ክረምት ይነካል።

ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ያንን ሁሉ ውሃ የሚለኩት መሣሪያዎች ግን ጥቂት ናቸው። አርጎ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ወደ 4000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ ሮቦቶች በየውቅያኖሱ ተበትነዋል። አንዱ ሮቦት 1000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ ከሞገዱ ጋር ይንሳፈፋል፤ በየ10 ቀኑ ወደ 2000 ሜትር ይጠልቅና ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያገኘውን በሳተላይት ልኮ ተመልሶ ይሰምጣል። ከእነዚህ ሌላ በረጅም ገመድ ከውቅያኖሱ ወለል ጋር የታሰሩ፣ አንድ ቦታ ቆመው የሚለኩ ተንሳፋፊዎች አሉ። ከላይ ደግሞ ሳተላይቶች።

ሁሉም ዝም የሚሉበት ጊዜ አላቸው። ባትሪ ያልቃል። ገመድ ይበጠሳል። አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ሴንሰሩ ላይ ያድጉና ንባቡን ያዛባሉ፤ ይሄኛው እንዲያውም ከዝምታ ይከፋል፤ ቁጥር ስለሚመጣ ሁሉም ደህና ይመስላል። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር፣ የሚለካ ሳተላይት ደመና ካለ ከስሩ ያለውን ውሃ አያይም። ዓሣ አስጋሪዎችም አሉበት። ባሕር ላይ የተንሳፈፈ ነገር ካለ ከስሩ ዓሣ ይሰበሰባል፤ ይህንን የሀዋሳ አስጋሪም የፓሲፊክ አስጋሪም እኩል ያውቃል። ስለዚህ መርከቦች መለኪያዎቹን ተጠግተው ያሰግራሉ፤ መረብና መንጠቆም መሣሪያውን ይዞት ይሄዳል።

ባሕር በር የሌለን እኛ ይህ ምን አገባን የሚል አንባቢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነውን ያስታውስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገብ አካባቢ ውሃው ከልክ በላይ ሞቀ። ኤልኒኞ ይሉታል። ኤልኒኞ ሲበረታ የእኛ የክረምት ዝናብ፣ በተለይ በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ከሸፈ፤ 10.2 ሚሊዮን ወገን የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ተራው የህንድ ውቅያኖስ ነበር። ምዕራባዊው ጎኑ ሞቆ ምሥራቃዊው ቀዘቀዘና ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብና በጎርፍ ተጥለቀለቀች። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን «መጪው ክረምት እንዲህ ይሆናል» ሲሉ ከሚያዩት ዋነኛ ነገር አንዱ የእነዚህ ሁለት ውቅያኖሶች ሙቀት ነው። እዚያ አንድ መለኪያ ዝም ሲል የወላይታና የራያ ገበሬ የሚሰማው ትንበያ ይሳሳል።

ዝምታው ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል የታየበት ጊዜ ነበር። በፓሲፊክ ወገብ ላይ ወደ 70 የሚጠጉ ቋሚ ተንሳፋፊዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ተተክለዋል፤ ታኦ ይባላል ስብስቡ። የሚጠግናቸው መርከብ በ2012 ከሥራ ሲወጣ ጥገናው ተጓጎለና በ2014 መጀመሪያ ከሚጠበቀው ዳታ የሚደርሰው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነ። ይህ የሆነው ያ ከባድ ኤልኒኞ ሊመጣ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ለእኛ ቅርብ በሆነው የህንድ ውቅያኖስም ራማ የተባለው ተመሳሳይ የተንሳፋፊዎች ስብስብ ከ2004 ጀምሮ ሲዘረጋ በሶማሊያ ጠረፍ አካባቢ የነበሩት የባሕር ላይ ወንበዴዎች ምዕራባዊውን ክፍል ለዓመታት አጓተቱት። ቀዳዳው እኛ ደጅ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ዘዴው ልግባ። ቀላሉ መንገድ መስመር ማስመር ነው። ከባዶው በፊት ያለችውን ቁጥርና ከባዶው በኋላ ያለችውን ወስዶ ቀጥ ባለ መስመር ማገናኘት። የጠፋው አንድ ሰዓት ከሆነ ግሩም ነው፤ ውሃ በአንድ ሰዓት ብዙ አይለወጥም። የጠፋው ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ ግን ጉድ ይፈላል። ጠዋት 22.1፣ ማታ 22.5 ቢሆን መስመሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 22.3 ይላል፤ እውነተኛው ውሃ ፀሐይ ሲመታው ውሎ 24 ደርሶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ የቀትርን ፀሐይ አያውቃትም።

ሁለተኛው ጎረቤት መጠየቅ ነው። አንዱ መለኪያ ቢጠፋ በዙሪያው ያሉት ይናገሩለት፤ የቅርቡ ብዙ፣ የሩቁ ጥቂት ድምፅ ይኑረው። የዚህ ዘዴ ሥር ያለው ውቅያኖስ ላይ ሳይሆን እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ ወርቅ ማውጫ ውስጥ መሆኑ ያስደስተኛል። ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ በ1951 ከጥቂት ቁፋሮዎች ተነስቶ በመካከላቸው ያለውን የወርቅ መጠን የሚገምትበትን ስሌት ሠራ፤ ዛሬ ስሙን ይዞ ክሪጊንግ ይባላል፤ የባሕር ካርታም ይሞላበታል።

ማሽን ለርኒንግ እዚህ ላይ የሚጨምረው ሕጉን እኛ ጽፈን አለመስጠታችንን ነው። መለኪያው በደህና ሲሠራ የነበረባቸውን ሰዓታት እንወስዳለን። ሞዴል ለሚባለው የኮምፒውተር ስሌት ለእያንዳንዱ ሰዓት ፍንጮች እንሰጠዋለን፤ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ትናንት በዚህ ሰዓት ውሃው ስንት ነበር፣ አየሩ ስንት ዲግሪ ነው፣ ጎረቤት መለኪያ ምን አለ። ሞዴሉ ይገምታል። ትክክለኛውን መልስ ስላለን ምን ያህል እንደሳተ ይነገረዋል፤ ውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ትንሽ ያስተካክላል፤ ደግሞ ይገምታል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ፍንጮቹና መልሱ እንዴት እንደሚገናኙ ራሱ ይደርስበታል። ከዚያ ባዶውን ሰዓት ስናሳየው ፍንጩ አለ፣ መልሱ የለም፤ መልሱን እሱ ይሰጣል።

ከሞዴሎቹ ራንደም ፎረስት የሚባለው ለመረዳት ይቀላል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዛፎች አሉት። እያንዳንዱ ዛፍ የጥያቄ ሰንሰለት ነው፦ ሰዓቱ ከ6 አልፏል? አየሩ ከ26 ዲግሪ ይበልጣል? ትናንት በዚህ ሰዓት ከ23 በላይ ነበር? በየመልሱ ቅርንጫፍ ይዞ ወርዶ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ይገኛል። ለየዛፉ የሚሰጠው የዳታ ክፍል የተለያየ ስለሆነ ሐሳባቸው ይለያያል፤ አማካያቸው ይወሰዳል። ዕርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻውን እንደማይቀመጥ ነው፤ የአንዱን ስህተት ሌላው ያቃናል። ዘዴው አንድ ቁልፍ ድክመት አለው። ሲማር ካየው ከፍተኛ ቁጥር በላይ መናገር አይችልም። 25 ዲግሪ ድረስ ብቻ ካየ ውሃው 27 በደረሰበት ቀንም 25 ገደማ ይላል። ከልክ ያለፈ ሙቀት ፈላጊ ለሆነ ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በቅደም ተከተል ለሚመጣ ዳታ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሆክራይተርና ሽሚድሁበር በ1997 ያወጡት፣ ኤልኤስቲኤም የተባለ የኒውራል ኔትወርክ (እርስ በርስ ከተያያዙ ብዙ ትናንሽ ስሌቶች የተሠራ ሞዴል) ዓይነት ብዙ ይሠራበታል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነበበ የሚሄድ ማስታወሻ አለው። በየደረጃው ሦስት ነገር ይወስናል፦ ካስታወስኩት የትኛውን ልርሳ፣ ከአዲሱ የትኛውን ልያዝ፣ አሁን የትኛውን ላውጣ። ውሃ ቀስ ብሎ የሚሞቅ፣ ቀስ ብሎ የሚበርድ፣ ያለፈውን ሳምንት የሚያስታውስ ነገር ስለሆነ ይህ አሠራር ይስማማዋል።

በሳተላይት ምስል ላይ ያለው የደመና ቀዳዳ የራሱ መላ ተዘጋጅቶለታል። ተመራማሪዎቹ ቤከርስና ሪክስን በ2003 ያቀረቡት ዘዴ የባሕሩ ካርታ በጥቂት ተደጋጋሚ ቅርጾች የተሠራ ነው ከሚል ሐሳብ ይነሳል። ቀዳዳውን መጀመሪያ በአማካይ ይሞላል፣ ቅርጾቹን ያወጣል፣ በቅርጾቹ ቀዳዳውን እንደገና ይሞላል፤ ቁጥሩ መለዋወጡን እስኪያቆም ይደጋግማል። በ2020 ቤልጂየም ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንን ሥራ ለኒውራል ኔትወርክ ሰጡት። እኔን የሳበኝ አንድ ነገር አለው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ግምቱን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውን የስህተት መጠንም አብሮ ያወጣል።

አንድ ልዩነት ሳልጠቅስ እንዳላልፍ። ያለፈን ቀዳዳ መሙላትና አሁን የሞተን መለኪያ መተንበይ አንድ አይደሉም። የእኛ 90 መስመሮች ግራና ቀኛቸው ይታወቃል፤ 23.9 ላይ ገብተው 22.4 ላይ ወጥተዋል። ዛሬ ጠዋት ገመዱ የተበጠሰ መለኪያ ግን በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታየው። ሞዴሉ የመጀመሪያውን ሰዓት ይገምታል፣ ያንን ግምት እንደ እውነት ይዞ ሁለተኛውን ይገምታል፣ ስህተቱም በስህተት ላይ እየተከመረ ይሄዳል። ስለዚህ ቀን በጨመረ ቁጥር የሚሰጠው ወሰን፣ ማለትም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው ርቀት፣ እየሰፋ መሄድ አለበት። በአሥረኛውም ቀን እንደ መጀመሪያው ሰዓት ቀጭን መስመር የሚያሳይ ግራፍ ካያችሁ ተጠራጠሩት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ፤ ሞዴሉ እውነት እየተናገረ መሆኑን በምን እናውቃለን? የጠፋውን ቁጥር ማንም ስለማያውቀው ማመሳከር አይቻልም። መላው ያለንን ዳታ መደበቅ ነው። መለኪያው በደህና የሠራበትን ጊዜ ከሞዴሉ ሰውረን «ገምት» እንለውና ከእውነተኛው ጋር እናስተያያለን። አደባበቁ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተማሪዎቼም ተሳስተናል። መጀመሪያ አንድ አንድ ሰዓት ከየቦታው ነቅለን ደበቅን። ሞዴሉ አስደናቂ ሆነ። ተማሪዬ ስልኳ ላይ ግራፉን አይታ ዘለለች። ግን እስቲ አስቡት፤ 7 ሰዓትን ደብቀን 6 ሰዓትንና 8 ሰዓትን ካሳየነው ምን ከባድ ነገር አለው? ያቺ ተራ መስመር እንኳ ትመልሰዋለች። ፈተናው እንደ ሕመሙ መሆን አለበት። የጠፋብን 90 ተከታታይ ሰዓት ከሆነ መደበቅ ያለብንም 90 ተከታታይ ሰዓት ነው። እንዲያ ስናደርግ ስህተቱ ብዙ እጥፍ አደገ። ተማሪዬ አዘነች፤ እኔ ግን ያንኛውን ቁጥር ነው የማምነው።

ማወዳደሪያም ያስፈልጋል። ከሞዴሉ ጎን «ትናንት በዚህ ሰዓት የነበረው ዛሬም ይሁን» የሚል ምንም ሒሳብ የሌለው ግምት አስቀምጡ። ውሃ ቶሎ ስለማይለወጥ ይህ ግምት ለአንድና ለሁለት ቀን ብርቱ ተፎካካሪ ነው። እሱን የማያሸንፍ ሞዴል ስሙ ምንም ቢገዝፍ አያስፈልግም።

እዚህ ድረስ ያለው ስሌት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከስሌት በላይ ይከብዳል፤ ዳታው የጠፋው ለምንድን ነው? የስታቲስቲክስ ሊቁ ዶናልድ ሩቢን በ1976 ይህን ጥያቄ በሥርዓት አስቀመጠው። የሳተላይት መልእክት በአጋጣሚ ቢጠፋ መጥፋቱ ከውሃው ሙቀት ጋር አይገናኝም፤ ቀሪው ዳታ የጠፋውን በደህና ይወክላል። ማዕበል መለኪያውን ሰብሮት ከሆነ ግን የጠፋው ራሱ የማዕበሉ ቀን ነው። ሞዴሉ የተማረው ከተረጋጉ ቀናት ብቻ ይሆናል፤ ማዕበሉን የተረጋጋ አድርጎ ይሞላዋል። ደመናም እንዲሁ ነው። ደመና የሸፈነው ባሕር ፀሐይ እንዳገኘው ባሕር አይደለም፤ ጥርት ካሉ ቀናት ብቻ የተማረ ሞዴል ከደመናው ስር ያለውን ከልክ በላይ ያሞቀዋል።

ከልክ ያለፈን ነገር «ሊሆን አይችልም» ማለት ምን እንደሚያስከትል ከማሽን ለርኒንግ በፊትም ታይቷል። በ1982 ሜክሲኮ ውስጥ ኤልቺቾን የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱና ጋዙ ከፍ ብሎ ሰማዩን ሸፈነ፤ ሳተላይቶችም የባሕሩን ሙቀት ከእውነተኛው ቀዝቃዛ አድርገው አነበቡት። በዚያው ዓመት ፓሲፊክ ላይ ኃይለኛ ኤልኒኞ እየገባ ነበር። ውሃው መሞቁን የሚያመለክቱ የባሕር ላይ ንባቦች ሲመጡም ከተለመደው እጅግ የራቁ በመሆናቸው ማጣሪያው እንደ ስህተት ጣላቸው። ዓለም ኤልኒኞው ገፍቶ እስኪመጣ ድረስ በቅጡ አላወቀም። ታኦ የተባለው የተንሳፋፊዎች መረብ እንዲተከል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ያ ድንጋጤ ነው።

የአርጎ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ስለዚህ ያስመሰግናቸዋል። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገቡ ምልክት ይዞ ይጓዛል። 1 ጥሩ፣ 4 መጥፎ፣ 9 የጠፋ፤ 8 ደግሞ ያልተለካ፣ የተገመተ። ከ20 ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ተመራማሪ የትኛው ከውሃው፣ የትኛው ከስሌት እንደመጣ ያያል። ይህቺ አንዲት አሃዝ ከፋይሉ ከጠፋች ግምቱ ልኬት መስሎ ይቀራል፤ ሌላ ሞዴል እሱን እንደ እውነት ይማርበታል።

ወደ ጋሼ ደብተር ልመለስ። የኛ ሞዴል 90ዎቹን መስመሮች ሞልቶ አራት የሚያማምሩ ሞቃት ከሰዓቶች ሰጥቶን ነበር፤ ሁሉም 24 ዲግሪ ገደማ። ፍንጭ የሰጠነው ሰዓቱንና የአየሩን ሙቀት ነበር። ግራፉን አትሜ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩና ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና፣

«ይሄ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው ጋሼ።»

ደብተራቸውን አወጡ። ማክሰኞ ቁጥር አለ። ረቡዕና ሐሙስ ባዶ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የተነሳው ነፋስ እስከ ሐሙስ ማታ መቼ ተኛ? ጀልባ አልወጣም። ውሃው ተገልብጦ ነበር፤ እጅህን ብትከት ይቀዘቅዝሃል።»

እውነታቸውን ነው። ብርቱ ነፋስ የላዩን ሙቅ ውሃ ከስሩ ካለው ጋር ያዋህደዋል፤ በትነትም ሙቀት ይወስዳል። የቀትሩ ጉብታ ይጠፋል። ባትሪዋንም ከቦታው ያናወጣት ያው ማዕበል መሆን አለበት። ቀዳዳውን የፈጠረው ነፋስ ሙቀቱንም ለውጦታል፤ ሞዴላችን ግን ስለ ነፋስ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም።

አብረን ተቀምጠን የወሩን ባዶ መስመሮች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። «ይሄ ነፋስ ነው። ይሄ ጥምቀት ነው። ይሄ የጎረቤት ለቅሶ ሄጄ። ይሄ ደግሞ ነፋስ።» ጥምቀትና ለቅሶ ውሃውን አያቀዘቅዙም፤ ነፋሱ ግን ያቀዘቅዛል። የነፋሱን ቀናት ለይተን ለሞዴሉ እንደ አንድ ፍንጭ ጨመርንለት፤ ከእነዚህ ቀናት አንዳንዶቹ መለኪያዋ በደህና የሠራችባቸው ስለነበሩ የሚማርበት መልስ አገኘ። የረቡዕና የሐሙስ ከሰዓት ግምቱ ከ24 ወርዶ ከ23 በታች ገባ። በየመስመሩ 8 ቁጥርን ጻፍንበት፤ ከጎኑ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ሊሆን የሚችለው።

ጋሼ አዲሱን ግራፍ ሲያዩ፣ «እንግዲህ ሐሙስ ስንት ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

«ከ22 እስከ 23 መካከል ይመስለኛል ጋሼ። ቁርጡን አላውቀውም።»

«ይሁን» አሉና መረባቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ለመለኪያዋ አዲስ ገመድ ልናስር ስንወርድ ደብተራቸውን አየሁት። ባዶ መስመሮቹ ላይ አሁን አንድ አንድ ቃል ይጽፋሉ። ነፋስ። ለቅሶ። መረብ ጥገና። ነፋስ።